ኳስ በሆዴ ይዤ ለቅሶ የደረስኩ ለታ

ሰው ሲያየኝ «ተስማምቶሻል» ይለኝ ነበር። ሆሳዕና ገበያ፣ ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ የትም ብሄድ ያው ነው። ባሏ ደቡብ አፍሪካ ያለ ሴት ከወፈረች አገር ሁሉ ደስ ይለዋል፤ የሚልክላት እየደረሳት ነው ማለት ነዋ። እኔም ፈገግ ብዬ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን የተስማማኝ ነገር የቱ እንደሆነ ብፈልግ አጣዋለሁ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ተወልጄ ያደግኩት አንጋጫ ነው፤ ከምባታ ነኝ። በአዋላጅ ነርስነት ተመርቄ ሆሳዕና ተመደብኩና እዚያው ታምራት የሚባል የሀዲያ ልጅ አገባሁ። ተጋብተን ዓመት ሳይሞላን ታምራት እንደ እኩዮቹ ሁሉ መንገዱን ይዞ ደቡብ አፍሪካ ገባ። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ነበር ያለኝ። ሁለቱ ዓመት አምስት ሆነ። ልጅ አልነበረንም። ቀን ቀን የሰው ልጅ አዋልዳለሁ፣ እምብርት እቆርጣለሁ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ»ም፣ «ጌታ ይባረክ»ም እንደየቤቱ እላለሁ። ማታ ቤቴ እገባና ለሁለት ሰው የሚሆን እራት እሠራለሁ። ለአንድ ሰው መሥራት እጄ አልለመደም። ከዚያ የሁለቱንም ድርሻ ራሴ እበላዋለሁ። ዝም ካለው ቤት ጋር ከመፋጠጥ ከሳህኑ ጋር መፋጠጥ ይሻለኝ ነበር።

ታምራት ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀልደኛ ነው። አንድ እሑድ በቪዲዮ ስናወራ ስልኩን ሳላስበው ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩትና ሙሉ ቁመናዬን አየው። ለመስቀል እመጣለሁ ብሎ ቃል የገባልኝ ሰሞን ነው። «እኔ ስመጣ ታዲያ አልጋው ላይ ቦታ ይተርፈኛል?» ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን እንባዬ መጣ። ከዚያ ወዲያ በደወለ ቁጥር «ኔትወርኩ ቪዲዮ አይችልም» እያልኩ በድምፅ ብቻ አወራው ጀመር። የዚያ ዘመን ኔትወርክ ደግሞ ለውሸት የሚመች ነበር፤ ማንም አይጠረጥራችሁም።

ያልሞከርኩት ነገር የለም። በባዶ ሆድ ሎሚ ጠጣሁ፣ አብሽ ዘፍዝፌ ጠጣሁ፣ ጠዋት ጠዋት ዳገት ወጣሁ። ጉልበቴ አበጠ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ደም ግፊቴም ጨመረ። በኋላ ለሱፐርቪዥን የመጣ አንድ ሐኪም ምሳ ላይ ሲያወራ ሰማሁት። አዲስ አበባ ውስጥ ቢላ ሳይነካቸው፣ በአፍ በሚገባ ቱቦ ጨጓራ ውስጥ ባሉን፣ ማለትም ፊኛ፣ እያስቀመጡ ሰው የሚያከሱ ሐኪሞች አሉ አለ። ሌሎቹ ሳቁበት። እኔ ሾርባዬን እያማሰልኩ አንድም ቃል ሳላስቀር ያዝኩ።

ለመሥሪያ ቤቴ የዓመት ፈቃድ ሞላሁ። ለጎረቤትና ለባሌ ቤተሰብ ግን «ስልጠና ነው» አልኩ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ስልጠና ሄደች ከተባለ የት፣ ስለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ከአንድ ለአምስት ስብሰባ ቀጥሎ እንደ ስልጠና የሚበዛ ነገር የለም። ለታምራትም ያንኑ አልኩት።

አዲስ አበባ ያገኘሁት ክሊኒክ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፣ ወለሉ የሚያበራ ነው። ተረኛዋ ነርስ «አስታማሚሽስ?» አለችኝ። ውጭ ናት አልኳት። ውጭ የነበረው ዘበኛው ብቻ ነው። የክሊኒኩ ሐኪም ወጣት፣ ትሑት ሰው ነበር፤ ሙያዬን ሲሰማ «ሲስተር» እያለ ይጠራኝ ጀመር። ሁሉንም አስረዳኝ። ጉሮሮዬን በሚረጭ መድኃኒት ያደነዝዘዋል፤ በመርፌ ያስተኛኛል፤ ካሜራ ባለው ቱቦ እየተመለከተ የተጠቀለለውን ባሉን ጨጓራዬ ውስጥ ያደርስና ሰማያዊ ቀለም ባለው ጨዋማ ውሃ ይሞላዋል። ቀለሙ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ድንገት ቢያፈስ በሽንትሽ መልክ ታውቂዋለሽ አለኝ። ስድስት ወር ይቆይና በገባበት መንገድ ይወጣል። ለመጀመሪያው ሳምንት ውሃ፣ የተጠለለ ሾርባና ቀጭን አጥሚት ብቻ። ማቅለሽለሽና ማስመለስ እንደሚኖርም፣ ለሳምንት ከአዲስ አበባ እንዳልርቅም ነገረኝ።

«ሲስተር፣ ይሄ ነገር ግማሹን ነው የሚሠራልሽ» አለኝ መጨረሻ ላይ። «ግማሹ የራስሽ ነው።»

ስነቃ ሆዴ ውስጥ ኳስ ነበር። እሱ ባሉን ይበለው እንጂ ለእኔ ኳስ ነው፤ ጎድኔ ሥር ጠጥሮ ይሰማኛል። የተከራየሁት ፔንሲዮን እንደምንም ደርሼ ተኛሁ። ሆዴ የመጣበትን እንግዳ አላስገባም ብሎ ተነሣበት። ይቆርጠኛል፣ ያጥወለውለኛል፣ ያስመልሰኛል፤ የሚወጣ ነገር ሲጠፋም ያስመልሰኛል። እኔ ስንቷን ምጥ ላይ ያለች ሴት እጇን ይዤ «አይዞሽ» ብያለሁ። ያን ቀን አይዞሽ የሚለኝ ሳጣ ራሴን ጮክ ብዬ «አይዞሽ» አልኩት። ባዶው ክፍል ውስጥ ድምፄን ስሰማው አፈርኩና ትራሱን ፊቴ ላይ አደረግኩ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። አማረች ናት፣ የታምራት ታላቅ እህት። እያለቀሰች ነው። አጎታቸው ማረፉን ነገረችኝ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞተ ታምራትን ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ ስንጋባም ሽማግሌ ሆኖ ቤታችን የመጣው እሱ ነው። «ወንድሜ የለም። አንቺ ነሽ በእሱ ቦታ የምትቆሚው» አለችኝ።

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። መንገድ አይሆንም አለ፤ ፈሳሽ አልቆ ሰውነቴ ሊደርቅ ይችላል፤ ገና ሁለተኛ ቀኔ ነው። ለቅሶ ነው አልኩት። የአገራችን ሐኪም ሁሉን ነገር ይከራከራል፣ ለቅሶን ግን አይከራከርም። ውሃ በየደቂቃው ጉንጭ ጉንጭ እያልኩ እንድጠጣ፣ ውሃም አልቆይ ካለ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል እንድሮጥ፣ ለቅሶው እንዳለቀም እንድመለስ አስጠንቅቆኝ ስልኩን ዘጋ።

አውቶቡሱ ውስጥ ጭኔ ላይ ፌስታል ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ቡታጅራን ሳናልፍ ሁለት ጊዜ ተጠቀምኩበት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከቦርሳቸው ሎሚ አውጥተው እንዳሸተው ሰጡኝ። ጀርባዬን እያሹ «የመጀመሪያሽ ነው?» አሉኝ። ሳላስተባብል ሎሚውን አሸተትኩ። እኚህ ሴትዮ ተሳሳቱ ብዬ በሆዴ ስቄ አለፍኩት። የእሳቸው ስህተት ከእኔ ጋር አብሮ ቦኖሻ እንደሚደርስ መች አውቄ!

የባሌ ቤተሰብ መንደር ከቦኖሻ ትንሽ ወጣ ብሎ በርበሬ እርሻ መሐል ነው። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። እያለቀስኩ ገባሁ፤ ልቅሶዬ የሐሰት አልነበረም፣ ሰውየውን እወደው ነበር። አማቴ ተቀብላ አቀፈችኝ። በነገራችን ላይ ስሟን አልጽፍላችሁም፤ በእኛ አገር ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፣ እኔም ዛሬ ልጀምር አልችልም። እማዬ ነው የምላት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ሀዲይኛ ስታወራ እኔ ግማሹን እይዛለሁ፣ ግማሹን እገምታለሁ። ከሰርጌ ጀምሮ ከሰላምታና ከሥራ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

ለቅሶ ቤት ደግሞ ሐዘንተኛን እህል ማቅመስ ግዴታ ነው። ጎረቤት በየተራ ቆጮውን፣ ጎመኑን፣ ንፍሮውን ተሸክሞ ይመጣል። ሌላ ሰው አልበላም ቢል በሐዘኑ ነው ይባላል። እኔን የመሰለች ሴት አልበላም ስትል ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ቆጮውን መለስኩ። ሾርባውን ቀመስ አድርጌ አስቀመጥኩ። ሴቶቹ ተያዩ። አንዲት አሮጊት ንፍሮ ዘግነው እጄ ላይ አደረጉና እስክበላ ፊቴ ቆሙ። ለሟች ክብር ብዬ አላመጥኩ፣ ዋጥኩ። እንሰቱ ጓሮ እንኳ በቅጡ ሳልደርስ ሁሉም ወጣ፤ ግንዱን ተደግፌ ጎንበስ አልኩ።

ቀና ስል አማረች ውሃ ይዛ ቆማለች። ውሃውን ሰጠችኝና «ምንድን ነው?» አለች።

«ጨጓራ ነው» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴው ደነገጥኩ። ጤና ጣቢያ ስንት ልጅ ባሏ ሳይኖር፣ ሳታገባ፣ አባቷ ሳያውቅ ፊቴ ተቀምጣ «ጨጓራ ነው» ብላኛለች! እኔም በሆዴ እየሳቅኩ የሽንት ዕቃ እሰጣት ነበር። የአማረች ዓይን ሆዴ ላይ ወረደና እዚያው ቀረ። በእኔ ውፍረት ላይ ስንት ወር እንደሆነ ማን ይለያል!

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ወሬ ይቆም ጀመር። አጠገቤ የነበረው ቦታ ባዶ ሆነ። ከሰዓት በፊት ታምራት ደወለ፤ ስልኩን ይዤ ከሰው ራቅ አልኩ። ስለ አጎቱ ትንሽ አለቀሰ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

«ስልጠናው እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር።»

«ጤና ጣቢያ ደውዬ ነበር። የዓመት ፈቃድ ላይ ናት አሉኝ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«አማረች የነገረችኝ እውነት ነው?»

«ምን አለችህ?»

«ለመናገር አፌ አይደፍርም» አለና መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሱ አላወቅኩም። ደጋግሜ ብደውል ጥሪ አይቀበልም።

እስቲ እናንተ በእኔ ቦታ ሁኑ። ነፍሰ ጡር አይደለሁም ብዬ የሽንት ምርመራ ላሳያቸው አሰብኩ። ግን አዋላጅ ነኝ። ስልጠና ብዬ ዋሽቼ ጠፍቻለሁ። ምርመራው ንጹሕ ከሆነማ «አስወርዳ ነው የመጣች» ነው የሚሉኝ፤ መታመሜም የዚያ ምስክር ይሆናል። እውነቱን ልናገር ብል ደግሞ ማን ያምነኛል? ሐኪም ሆዴ ውስጥ ኳስ ነፋልኝ የምትል ሴት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያንንስ ይመኑኝ፤ ባሌ ስለሳቀብኝ ነው ብዬ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት መናገር ከመጠርጠሩ የባሰ አሳፈረኝ። አማረች በምሳ ሰዓት መጥታ፣ ፊቷን ሳታዞርልኝ፣ ድንኳኑ ሲነሳ የቤተሰቡና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እንደሚቀመጡ ነገረችኝ። ሐዘን ስለሆነ ነው እንጂ ዛሬውኑ ይሆን ነበር አለች። ትዳሬም፣ ስሜም፣ ሆሳዕና ላይ ሴቶች የሚያምኑት እጄም ድንኳኑ እስኪነሳ ነበር የቀራቸው።

በዚያን ጊዜ የተሰማኝን ብቸኝነት እስከ ዛሬ የምገልጽበት ቃል አላገኘሁም። የሚያለቅስ ሰው መሐል ተቀምጬ ለራሴ ማልቀስ አልቻልኩም። ለሟች ሳለቅስ እንኳ «ለራሷ ነው» የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ እማዬ ብርጭቆ ይዛ መጣች። ቀጭን የቡላ አጥሚት ነው፤ ቅቤ የለበትም። አጠገቤ ቁጭ ብላ «ቀስ» አለችኝ። አንድ ጉንጭ ጠጣሁ፣ ቆየ። ሌላ ጉንጭ ጠጣሁ፣ እሱም ቆየ። ከአዲስ አበባ ከወጣሁ ጀምሮ ከውሃ ሌላ ሆዴ ውስጥ የተቀመጠው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር። ብርጭቆው ሲያልቅ ለሴቶቹ ኮባ ልንቆርጥ ነው ብላ ቢላዋዋን አነሣችና ወደ እንሰቱ ወሰደችኝ።

ጓሮው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከድንኳኑ አያሳይም። ሁለት ቅጠል ቆርጣ መሬት ላይ ጣለች። ከዚያ ቢላዋዋን ግንዱ ላይ ሰካችውና ወደ እኔ ዞረች። የተናገረችው በአማርኛ ነው። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፣ ያውም በግድ የምትናገረው። አንድም ቃል እንዳያመልጠኝ ብላ እንደሆነ ገባኝ።

«ልጄ፣ እዚህ ማንም አይሰማም። የማን ነው ብዬ አልጠይቅሽም።»

ልናገር አፌን ስከፍት እጇን አነሣች።

«እኔ ልጨርስ። መድኃኒቱን ታውቂያለሽ። ሥራሽ ነው። እንዳታጠፊው። ልጄ ትቶሽ ሄደ፣ አምስት ዓመት። እኔ እሱን ወልጄ ይናፍቀኛል፤ አንቺ ደግሞ ድንጋይ አይደለሽም። ከወለድሽ እዚህ ቤት ያድጋል። ለታምራት የምነግረው እኔ ነኝ። ሽማግሌ ሲቀመጥ አንቺ ጎን የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

ምን ልበላችሁ? በአምስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያናገረኝ ሰው አልነበረም። ያልሠራሁትን ኃጢአት ይቅር ስትለኝ ይቅርታው ለእኔ እንዳልሆነ እያወቅኩ ጣፈጠኝ። ትንሽ ዝም ብል፣ ትንሽ ብቆይበት ብዬ ተመኘሁ፤ አልዋሻችሁም። ዝምታዬን እንደ እሺታ ወሰደችውና መዳፏን ሆዴ ላይ አደረገች። በትክክል ኳሱ ያለበት ቦታ ነው ያረፈችው። ሆዴ ያን ጊዜ ቁርጠቱ ተነሥቶበት ኳሱን ሊገፋ ሲታገል ኳሱ እጇ ሥር ተንከባለለ።

«ይንቀሳቀሳል!» አለች።

ፊቷን ብታዩት! እኔ ስንት አያት አይቻለሁ፣ ሕፃን ጠቅልዬ እጃቸው ላይ ያስቀመጥኩላቸው። የእማዬ ፊት ከሁሉም በለጠብኝ። ከዚህ በኋላ አንዲት ደቂቃ ዝም ብል የምሰርቃት መሰለኝ።

«እማዬ፣ ልጅ አይደለም» አልኩ። «ኳስ ነው። ውሃ የሞላ ኳስ።»

እጇን አላነሣችም። አእምሮዬ የተነካ መስሏት ዓይኔን አየችኝ። «ማነው ያደረገብሽ?» አለች፤ መተት ነው የመሰላት። ማንም እንዳላደረገብኝ፣ በገዛ እግሬ ሄጄ ሐኪም እንዳስገባልኝ ነገርኳት። እንዴት በአፌ እንደገባ፣ ለምን እንደሚያስመልሰኝ፣ መቼ እንደሚወጣ፣ ስልጠና ያልኩት ይህንን እንደሆነ፣ ሁሉንም አወጣሁት።

«ለምን?» አለች።

«እንድከሳ።»

«ለምን ትከሻለሽ?»

ለዚህኛው መልሱ አጭር አልነበረም። ስለ እሑዱ ስልክ ነገርኳት። ስለ ሳቁ፣ አብሬው ስለመሳቄ፣ ማታ ማታ ለሁለት ሠርቼ ለብቻዬ ስለምበላው እራት ነገርኳት። እያዳመጠች ራሷን ትነቀንቃለች፤ የገባት ይመስለኛል፣ ያልገባትም ይኖራል። በመጨረሻ እጇን ከሆዴ ላይ ቀስ ብላ አነሣች።

«ልጅ የለም ማለት ነው» አለች።

«የለም፣ እማዬ።»

ንጹሕ መሆኔን ስታውቅ ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን የተቆረጠው ኮባ ላይ ቁጭ አለችና ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ አውጥታ፣ ደረቷን ይዛ፣ ሰው እንደሞተባት ነው ያለቀሰችው። እኔም ጉልበቴ እያመመኝ አጠገቧ ተቀመጥኩና ያጠራቀምኩትን ሁሉ ለቀቅኩት። ለታምራት፣ ለአምስቱ ዓመት፣ ላልተወለደው፣ ለኳሱም ጭምር አለቀስኩ። ድምፃችንን ከድንኳኑ የሰሙ ሴቶች ለሟቹ ሐዘን የተነሣን መስሏቸው «ወዮ» እያሉ እየሮጡ መጡ። ዙሪያችንን ከበቡና አብረውን አለቀሱ። ለምን እንደምናለቅስ ያወቅነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። አማረች እንኳ ትከሻዬን ይዛ አለቀሰች።

ሴቶቹ ሲመለሱ እማዬ ፊቷን ታጠበችና አማረችን ስልክ ጠየቀቻት። ለታምራት ደወለች፤ የእሷን ጥሪ አነሣ። በሀዲይኛ ነው ያወራችው፣ በዚያ ላይ በፍጥነት። እኔ የያዝኩት «ሳቅክባት» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ደጋገመቻት። ከዚያ ስልኩን ሰጠችኝና ራቅ ብላ ቆመች።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። የታምራት ትንፋሽ ይሰማኛል።

«ያማል?» አለኝ።

«ያማል።»

«እኔ በሳቅኩት ነው?»

«ባንተም ነው፣ በሌላም በብዙ ነገር ነው።»

ይቅርታ የሚለውን ቃል እያለቀሰ ስለተናገረው ግማሹን ነው የሰማሁት። ግማሹም በቃኝ።

ድንኳኑ ሲነሳ ሽማግሌዎቹ ቀሩ። እማዬ ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች፤ እንዳለችው። ማንም አፉን ሳይከፍት እሷ ቀደመች። ምራቷ የሆድ ሕመም እንዳለባት፣ አዲስ አበባ ሐኪም እንደያዛት፣ ልጇም እንደሚያውቅ ተናገረች። ሌላ ነገር የሰማ ሰው ካለ እኔን ይጠይቅ አለች። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፣ ሌላው መሬቱን አዩ። ጸለይንና ተነሣን። ስለ ኳሱ ለማንም አልተናገረችም። እስከ ዛሬም የተናገረች አይመስለኝም፤ እነሆ እኔው ራሴ ነገርኳችሁ።

ውድ አንባብያን፣ ኳሱ ጊዜው ሲደርስ ወጣ። ከሳሁ፤ ከዚያ ጥቂቱ ተመለሰ፤ ሐኪሙ ግማሹ የራስሽ ነው ያለኝ ለካ እውነቱን ነው። ይህን የምጽፈው አድርጉት ወይም አታድርጉት ልላችሁ አይደለም። የሚፈልግ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ግን እንደ እኔ ብቻውን፣ ዘበኛ አስታማሚ አድርጎ አይሂድ። ታምራት ለመስቀል መጣ፣ ሰነበተ፣ ተመልሶ ሄደ። አሁን ስንደዋወል ቪዲዮውን አልዘጋም። ልጅ እስካሁን አልሰጠንም።

በእኔ ላይ የተለወጠውን ከጠየቃችሁኝ፣ ጤና ጣቢያ አንዲት ልጅ ፊቴ ተቀምጣ «ጨጓራ ነው» ስትለኝ በሆዴ መሳቅ ትቻለሁ። መጀመሪያ አምናታለሁ። ከዚያ ከማን ጋር እንደምትኖር፣ ማታ ከማን ጋር እንደምታወራ እጠይቃታለሁ። ብዙዎቹ የሽንት ዕቃውን ሳልሰጣቸው በፊት ያለቅሳሉ። ሌላው፣ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ቦኖሻ እወርዳለሁ። ከእማዬ ጋር ብዙ አናወራም፤ ሀዲይኛዬ ግን ተሻሽሏል።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ከለቅሶው የተመለስኩ ዕለት እማዬ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጥላ ሥር ቆምን። ረዳቱ ሲጣራ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝና ጆሮዬ ሥር፣ በዚያው በገበያ አማርኛዋ፣ «ስም አውጥቼለት ነበር» አለችኝ።

ማን ብላ እንዳወጣችለት አልጠየቅኳትም። ገብቼ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ፤ መኪናው ሲነሣ እሷ እዚያው ቆማ ነበር።